አዞውን አስነሱልን

አርባ ምንጭ የሄደ ሰው አዞ አይቶ ይመለሳል። አዞውም ሰው አይቶ ወደ ውሃው ይመለሳል። ልዩነቱ፣ አዞው ስላየው ሰው ለማንም አያወራም፤ ቲክቶክ ላይም አይለቅም።

ጫሞ ሐይቅ ላይ «አዞ ገበያ» የሚባል ዳርቻ አለ። ከአዲስ አበባ 500 ኪሎ ሜትር ገደማ መኪና ላይ ሲንገላታ የዋለ እንግዳ በማግስቱ ጀልባ ተከራይቶ ወደዚያ ይገሰግሳል። ከውሃ የሚያድነውን ብርቱካንማ ሰደርያ ሲሰጡት እሺ ብሎ ይለብሳል። መነሻው ዳርቻ ትንሽ ራቅ ሲል «ፎቶ ላይ ያወፍራል» ብሎ ያወልቀዋል። ከጀልባዋ ሥር ጉማሬ አለ፤ ከፊቱ አዞ አለ፤ እሱን ያስጨነቀው ግን ቦርጩ ነው።

አዞዎቹ ውሃው ዳር ተጋድመው ፀሐይ ይሞቃሉ። አፋቸውን በልቅጠው ዝም ነው። አፍ መክፈታቸው የሰውነታቸውን ሙቀት ለማብረድ እንጂ እኛን ለማስፈራራት አይደለም። እኛ ግን 500 ኪሎ ሜትር የመጣነው ልንፈራ ነው፤ ሳንፈራ እንዴት እንመለስ?

«ሞቷል እንዴ?» ይላል አንዱ።

«አልሞተም፣ ፀሐይ እየሞቀ ነው።»

«ታዲያ ምነው አይንቀሳቀስ? አስነሱልን እንጂ! ገንዘብ ከፍለናል'ኮ።»

ፉጨቱ፣ ጭብጨባው ይቀጥላል። የሙዝ ልጣጭም ይወረወራል፤ አርባ ምንጭ ሙዝ ሞልቷል። አንድ ጊዜ አንድ ጀልባ ነጂ ይህን ሁሉ በትዕግሥት ሲሰማ ቆየና፣ «ማስነሳቱ ቀላል ነው፤ ከተነሳ በኋላ ወዴት እንደሚሄድ የሚያውቀው ግን እሱ ነው» አለ። ሰደርያውን ያወለቀ ሁሉ ሰደርያውን መፈለግ ጀመረ።

በዚያች ጀልባ ላይ ሮም ደርሶ የተመለሰ ሰው ነበር። ሮም ደርሶ የተመለሰ ሰው በየጉዞው አንድ አይጠፋም። እስከ መጨረሻው «ሮማዊው» ብዬ ልጥራው፤ ስሙን ብጠራው ደስ አይለውም፣ ወይም ደግሞ በጣም ደስ ይለዋል። ሮማዊው ሐይቁን አየና ራሱን ነቀነቀ። «ይሄ ሁሉ ተመልካች ጀልባ ላይ ተንጠልጥሎ ከሚቸገር ዙሪያውን መቀመጫ ቢሠራለት ምን ነበረበት? ኮሎሲየምን ብታዩ! እኛ አገር'ኮ ታሪክ እንጂ ሥራ የለም።»

እውነት ለመናገር ሮማዊው ሳያውቀው ነገሩን ነክቶታል። «አዞውን አስነሱልን» የሚለው ጥያቄ እኛ የጀመርነው አይደለም፤ ከሁለት ሺህ ዓመት በላይ ዕድሜ አለው። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ58 ስካውሩስ የሚባል የሮም ባለሥልጣን የሕዝብ ፍቅር ሊሸምት ፈለገና ለጊዜው በተቆፈረ ቦይ ውስጥ አምስት አዞና አንድ ጉማሬ ለሕዝብ አሳየ። ስካውሩስ ያሳየው ቁም አዞ ነበር። ማየት ብቻ ያልጠገበው ሕዝብ ግን ሌላ ፈለገ። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ2 አውግስጦስ ቄሣር አንድ ሜዳ ውሃ አስሞልቶ 36 አዞዎች በሕዝብ ፊት አስገደለ። ሉቃስ በወንጌሉ ዓለም ሁሉ እንዲቆጠር አዘዘ የሚለን አውግስጦስ ይኸው ነው። ሰውን ቆጥሮ ሳይጨርስ አዞ ያስቆጥር ነበር ማለት ነው።

ከሁሉ የማይረሳኝ ግን የሲማኩስ ነገር ነው። ይህ ሰው በአራተኛው መቶ ዓመት መጨረሻና በአምስተኛው መባቻ የኖረ ባለጸጋ የሮም ሴናተር ነው። ለልጁ ሹመት ክብር ትርኢት ሲደግስ አዞዎች አስመጣ። አዞዎቹ እህል ውሃ አንልም አሉ። እሱ ራሱ ለዘመዶቹ በጻፈው ደብዳቤ እንደሚያዝነው ሃምሳ ቀን ጾሙ። አምስት ቀን ቢጨምሩ ሁዳዴን ይሞሉ ነበር። እየከሱ የሄዱት አብዛኞቹ በትርኢቱ ላይ ተገደሉ። የቀሩትን ሁለቱን፣ እናንተ እስክትመጡ ብዬ አቆይቻቸዋለሁ፣ ግን የሚከርሙ አይመስለኝም ይላል። እንግዳ ሳይደርስ የታመመበትን ሙክት የሚያይ የደጋሽ ጭንቀት ነው።

ሮማዊው የሚምልበት ኮሎሲየም ከአውግስጦስ አዞዎች በኋላ የመጣ ነው። ያስጀመረው ቨስፓስያን፣ በ80 ዓ.ም. እንደ ፈረንጆቹ ያስመረቀው ልጁ ቲቶ ነው፤ የእኛ መጻሕፍት ጥጦስ የሚሉት፣ የኢየሩሳሌምን ቤተ መቅደስ ያፈረሰው። ምርቃቱ መቶ ቀን ፈጀ። ዲዮ የሚባለው የታሪክ ጸሐፊ በዚያ መቶ ቀን 9,000 ያህል እንስሳት እንደተገደሉ ጽፏል፤ ሜዳው ውሃ ተሞልቶ የባሕር ጦርነት እንደታየበትም ይናገራል። 50,000 ያህል ሰው የሚይዘው ያ ግዙፍ ድንጋይ ሥራው ይኸው ነበር፤ ተቀምጦ ሌላው ሲሞት ማየት። አዳራሹ ሲያምር ሥራው ያምራል የሚል ሰው ኮሎሲየምን ሊጎበኝ ይገባል።

እኛ ኢትዮጵያውያን ደግሞ ያን አካባቢ በሌላ ፎቶ ነው የምናውቀው። አበበ ቢቂላ በባዶ እግሩ ሮጦ የጨረሰው ከኮሎሲየም አጠገብ፣ በቆስጠንጢኖስ ቅስት ሥር ነው። ዕለቱ ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም.፣ የእንቁጣጣሽ ዋዜማ ነበር። በዚያ ሰፈር የተደረገ አንድ ደግ ነገር ቢኖር የዚያ ምሽቱ ነው እላለሁ፤ ሮማዊው ግን እዚያ ቆሞ የተነሳው ፎቶ ላይ የሚታየው የራሱ መነጽር ነው።

ኮሎሲየም በር ላይ የቆርቆሮ ጥሩር ለብሰው፣ የላስቲክ ጎራዴ ታጥቀው ከቱሪስት ጋር ፎቶ እየተነሱ ገንዘብ የሚቀበሉ ሰዎች አሉ። የሮም ከተማ አስተዳደር ደጋግሞ ሊያስቀራቸው ሞክሯል። ሮማዊው ሲነግረን በንቀት ነበር። በማግስቱ ወደ ጋሞ ደጋ፣ ወደ ዶርዜ ወጣንና የአገሩን ልብስ ዱንጉዛ ለብሶ፣ ጦርና ጋሻ ይዞ ሲዘል መጀመሪያ የተቀረጸው እሱ ሆነ።

ወደ ዶርዜ የሚወጣው ጠመዝማዛ መንገድ ራሱን የቻለ ትያትር ነው። መኪና ሲመጣ ሕፃናቱ ከጥምዝምዙ ብቅ ይሉና እግራቸውን ከፍተው መሬት ላይ ይሰነጠቃሉ፣ በእጃቸው ቆመው ይሄዳሉ፣ ይጨፍራሉ። መኪናው ጥምዝምዙን ዞሮ ሲመጣ እነሱ አቋራጩን ሮጠው ቀድመው ይጠብቁታል። «ሃይላንድ! ሃይላንድ!» ይላሉ። እኛም ባዶ ፕላስቲኩን በመስኮት እንወረውራለን። ሾፌሩ ፍሬን እየያዘ ይሳደባል። የሚሳደበው ልጆቹን ነው፤ ወርዋሪውን አይሳደብም፤ ወርዋሪው ጉርሻ ሰጪ ነው። ከዚያ ቀጥሎ ስለ ሕፃናት ትምህርት ማቋረጥ ረዘም ያለ ውይይት መኪና ውስጥ ይደረጋል። ሁሉም በጣም ያዝናል። በሚቀጥለው ጥምዝምዝ ሌላ ሃይላንድ ይወረወራል።

ላይ ሲደረስ ሥርዓቱ የታወቀ ነው። ከቀርከሃ የተሠራውን፣ ፊቱ ዝሆን የሚመስለውን ቤት ማየት፤ እንሰት ሲፋቅ ማየት፤ ትኩስ ቆጮ በማርና በዳጣ መቅመስ፤ አረቄውን መጎንጨት፤ ከሸማኔው ጉድጓድ ገብቶ መወርወሪያ ይዞ ፎቶ መነሳት። እዚህ አዲስ አበባ ሽሮ ሜዳ ከዚያው አገር ሰው ጋቢ ሲገዛ አንድ ሰዓት ሙሉ ዋጋ ሲያስቀንስ የኖረ ሰው፣ እዚያ ሲደርስ «እንዴት ያለ ጥበብ ነው!» ብሎ እጁን ደረቱ ላይ ያደርጋል። ከዚያም ዋጋ ያስቀንሳል።

ስለ ቤቱ አንድ ነገር ልጨምር። አዲስ ሲሠራ እስከ አሥራ ሁለት ሜትር ይደርሳል። ምስጥ ከሥሩ እየበላው በየዓመቱ ያጥራል፤ ሰው ዕድሜውን ሙሉ ኖሮበት ልጁም ይወርሰዋል። ቦታ መለወጥ ካስፈለገ ብዙ ሰው ተሸክሞ ያንቀሳቅሰዋል። ሮማዊው ይህን ሲሰማ «ድንጋይ ቢሆን ኖሮ ምስጥ አይደፍረውም ነበር» አለ። እውነቱን ነው፤ ኮሎሲየምን ምስጥ አልደፈረውም። በ1349 እንደ ፈረንጆቹ የመሬት መንቀጥቀጥ አንድ ጎኑን ጣለው፤ የወደቀውን ድንጋይ ደግሞ የሮም መኳንንትና ጳጳሳት ለየቤተ መንግሥታቸውና ለየቤተ ክርስቲያናቸው እየጫኑ ወሰዱት። የዶርዜን ቤት የሚበላው ቢያንስ ስሙ ምስጥ ነው።

እንግዲህ ከዶርዜ ስንመለስ ነው ነገሩ የመጣው። አስጎብኚያችን፣ የአገሩ ልጅ ነው፣ መኪናውን አስቁሞ «ዱቡሻ ላሳያችሁ» አለን። ወረድን። አጭር ሣር የለበሰ ሜዳ፣ ዳር ላይ ትልልቅ ዛፎች፣ እዚህም እዚያም ዕድሜ ያለሰለሳቸው ድንጋዮች። ሰው የለም። ነፋስ አለ።

«የቱ ጋ ነው?» አለ ሮማዊው።

«የቆምክበት ነው።»

«ሕንፃው'ኮ ነው ያልኩህ፤ ፍርስራሹ።»

«አልተሠራም፤ አልፈረሰም።»

ሁለት ሰዎች ሽንት ቤት የት እንደሆነ ጠየቁ። አንዲት ልጅ «ኔትወርክ እዚህ ይሻላል» ብላ ድንጋይ ላይ ወጣች፤ አስጎብኚው ቶሎ ብሎ አስወረዳት። ባለድሮኑ ድሮኑን ሊያወጣ ሻንጣውን ከፈተና ሜዳውን አይቶ መልሶ ዘጋው።

ዱቡሻ የጋሞ ሕዝብ ጉባኤ ነው፤ የጉባኤው ቦታም በዚያው ስም ይጠራል። እያንዳንዱ ደሬ፣ ማለት ራሱን የቻለው የጋሞ አገር፣ የየራሱ ዱቡሻ አለው። ከዚያ በታች በየመንደሩ አነስ ያሉ አሉ። ጠብ ሲነሳ መጀመሪያ የጎረቤት ሽማግሌዎች ያዩታል፤ ካልሆነላቸው ወደ ላይ እያለ ይሄዳል። ሀላቃው ይመራል፣ ታላላቆች መርቀው ይከፍታሉ፣ ተናጋሪ ተነስቶ ሲናገር ሌላው ያዳምጣል። እጅ አውጥቶ በድምፅ ብልጫ መወሰን የለም። እስኪስማሙ ይነጋገራሉ፤ ዛሬ ካላለቀ ሌላ ቀን ይመጣሉ። በዱቡሻ መዋሸት ጎሜ ነው፤ ጎሜ የሠራ ሰው መዘዙ ከብቱን፣ አዝመራውን፣ ልጆቹን ይከተላል ተብሎ ይታመናል። ጉባኤው የወሰነውን አልቀበልም ያለ ሰው እስር ቤት አይገባም፤ እሳት የሚያጭረው ጎረቤት ያጣል። ለቅሶው ላይም ሰው አይመጣም። ደጋ ላይ ያለ እሳት ያደረ ሰው ጠዋት ላይ ይቅርታ ሲጠይቅ ማንም አይገርመውም።

ይህን ሁሉ አስጎብኚው ሲነግረን ከእኛ መካከል ሁለቱ ሰዓታቸውን ያዩ ነበር። አርባ ምንጭ ላይ አሣ ታዟል። አሣው ከቀዘቀዘ ምን ይበላል?

ደግሞ ዱቡሻን ገነት አድርጌ ልስል አልፈልግም። ሴቶች በአብዛኛው ከጉባኤው ውጭ ነበሩ፤ ሸክላ ሠሪዎቹና ቆዳ ፋቂዎቹም እንደ ሙሉ ባለድርሻ አይቆጠሩም ነበር። በዚህ በኩል ሮምና ጋሞ አይተማሙም፤ ኮሎሲየም ውስጥም ሴናተሩ ከፊት፣ ድሀው ከኋላ፣ ሴቶች ከላይ ጣራው ሥር ነበር የሚቀመጡት። የሚለያዩት ሜዳው ላይ በሚደረገው ነገር ነው። አንዱ ሰው እንዲጋደል ተሠራ፤ ሌላው ሰው እንዳይጋደል ባዶ ተተወ። እኛ ለመጀመሪያው ቪዛ ለማግኘት እንሰለፋለን፤ ሁለተኛው ላይ ሽንት ቤት እንጠይቃለን።

ከአርባ ምንጭ ወደ ሶዶ ሲኬድ ኦቾሎ አለት ላይ ተሰቅሎ ይታያል። ማርክ አቤለስ የተባለ ፈረንሳዊ የኦቾሎን ጉባኤ አጥንቶ በ1983 እንደ ፈረንጆቹ መጽሐፍ አሳትሞበታል። እኛ በመስኮት አይተን «እዚያ ላይ ሰው ይኖራል እንዴ?» ብለን እናልፋለን። በሌላ በኩል ዱቡሻን በአዳራሽ ማወደስ እንወዳለን። አንድ ጊዜ «አገር በቀል የግጭት አፈታት» በሚል ርዕስ በተዘጋጀ ስብሰባ ላይ ተቀምጬ ነበር። ጥናት አቅራቢው፣ ዱቡሻ ላይ ሁሉም እስኪናገር ይጠበቃል ብሎ ሳይጨርስ አወያዩ «ጊዜ ስለሌለን ሁለት ደቂቃ ብቻ» አለው። ጠያቂ ሲነሳ ማይክ አልሠራ አለ። ከኋላዬ የነበሩት አበል ከሻይ በፊት ነው ወይስ ከሻይ በኋላ በሚለው ላይ አልተስማሙም። በስተመጨረሻ በድምፅ ብልጫ ወሰኑ።

አሁን ወደ ሜዳው ልመለስ፤ አስጎብኚው አልጨረሰም ነበርና። «መስከረም 2011ን ታስታውሳላችሁ?» አለን።

ማን ይረሳል? ቡራዩ ላይ ሰዎች ተገደሉ፤ ከሟቾቹና ከተፈናቀሉት መካከል ብዙዎቹ የጋሞ ተወላጆች፣ ሸማኔዎች ነበሩ። ወሬው አርባ ምንጭ ሲደርስ ወጣቱ በቁጣ ወጣ። ብድር ለመመለስ ወደ ሰው ንብረት ሲተም የጋሞ አባቶች ቀድመው ደረሱ። ዱላም ድምፅ ማጉያም አልያዙም። እርጥብ ሣር በእጃቸው ይዘው መንገዱ ላይ ተንበረከኩ። አባት ሣር ይዞ ከተንበረከከ፣ ልጅ እሱን ረግጦ እንዲያልፍ የጋሞ ሥርዓት አይፈቅድም። ወጣቱ ቆመ፤ ተመለሰ። ቪዲዮው አገሩን አዳረሰ፤ እኛም ስልካችን ላይ አይተን አለቀስን፣ ላይክ አደረግን፣ «የጋሞ አባቶች ይብዙልን» ብለን ጻፍን። ያን የጻፍንበትን ጣት በዚያው ሳምንት ምን ስንጽፍበት እንደሰነበትን ግን እያንዳንዳችን እናውቃለን።

ሁሉም ዝም ብሎ ሲሰማ ሮማዊው ፊቱ በራ። ለመጀመሪያ ጊዜ ሜዳው ላይ የሚታይ ነገር አገኘ።

«እነዚያን አባቶች ማግኘት ይቻላል?» አለ። «ሣሩን ይዘው እዚህ ጋ አንዴ ቢንበረከኩልን… ለቪዲዮ ነው፤ ክፍያም አለው።»

አስጎብኚው ወዲያው አልመለሰለትም። ጎንበስ ብሎ አንድ የሃይላንድ ክዳን ከሣሩ ላይ አነሳና ኪሱ ከተተ።

«ጋሼ» አለው፣ «እነሱ የሚንበረከኩት ሰው ሊገድል ለተነሳ ነው። እናንተ ልትገድሉ ነው የመጣችሁት?»

ሮማዊው «አይ፣ ለማስታወቂያም ይጠቅማችሁ ነበር ብዬ ነው» አለና ወደ መኪናው ሄደ። መንገድ ላይ ስለ ቱሪዝም አያያዛችን ኋላ ቀርነት ሲያስረዳን ነበር። አጥር የለው፣ ትኬት የለው፣ ምልክት የለው፣ ወንበር የለው! ኮሎሲየም ቢሆን በቀን ስንት ሺህ ሰው ይሰለፋል! ይሰለፋል፤ አልካድኩም። በ2023 እንደ ፈረንጆቹ ከዚያ ሰልፈኛ አንዱ የራሱንና የፍቅረኛውን ስም ግድግዳው ላይ በቁልፍ ሲቀርጽ በቪዲዮ ተይዞ ዓለም ተንጫጫ። በኋላ ይቅርታ ሲጠይቅ፣ ሕንፃው ይህን ያህል ጥንታዊ መሆኑን አላወቅሁም ነበር አለ። አጥሩም፣ ትኬቱም፣ ምልክቱም፣ ሁለት ሺህ ዓመት የሚጠጋው ድንጋይም አልነገሩትም።

አሣውን በልተናል፤ አልቀዘቀዘም። አዞውም አልተነሳም።

ወደ ጋሞ የምትሄዱ ካላችሁ አንድ ልመና አለኝ። አዞውን እዩ፤ ሰደርያውን ግን አታውልቁ። ሃይላንዳችሁን ከመስኮት አትወርውሩ። ሸማኔው የጠራላችሁን ዋጋ ክፈሉ፤ ሽሮ ሜዳ ስትመለሱም እንዲሁ። ወደ ዶርዜና ጨንቻ ስትወጡ ወይም ስትወርዱ የአገሩን ልጅ ዱቡሻ አሳየን በሉት፤ የአካባቢውን ሽማግሌ አስፈቅዱና ግቡ። ጉባኤ ካለ ስልካችሁን ዝጉና ዳር ተቀመጡ፤ ከሌለም ተቀመጡ። መግቢያ አይከፈልም። ጋቢ ግን ያዙ፤ ደጋው ይበርዳል።